አንድ ልሳነ ምድር፣ ሦስት ሌሊት፦ የአየርላንድን የባሕር ዳር ገጠር በመኪና

የመጀመሪያው ዕቅዳችን ወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር። በሦስት ቀን በምዕራብ አየርላንድ የሞኸር ገደሎች፣ የኬሪ ቀለበት፣ ዲንግል፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ቤራ። ካርታው ላይ ሁሉም ጎን ለጎን ናቸው፤ ጣት ቢዘረጋ ይዳረሳል። ከጉዞው ስንመለስ ባለቤቴ የስልኩን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየ። አብዛኞቹ ከመኪናው ሳንወርድ በመስታወት የተነሡ ናቸው። የዝናብ ጠብታ አለባቸው፣ ግማሾቹ ተንቀጥቅጠዋል። ሞኸር ላይ ከፍታው 214 ሜትር የሚደርስ ገደል አጠገብ ቆመን ከጉም በቀር ያየነው ነገር የለም። ጉሙ እስኪገለጥ እንዳንጠብቅ፣ የምናድርበት ቤት ገና የሦስት ሰዓት መንገድ ይቀረው ነበር።

በዓመቱ እንደገና ሄድን። ያን ጊዜ ግን አንድ ልሳነ ምድር (በሦስት በኩል ባሕር የከበበው መሬት) ብቻ መረጥን፤ ዲንግልን። ሦስት ሌሊት፣ አንድ ማረፊያ ቤት። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ስለ አየርላንድ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንኑ ሁለተኛውን ጉዞ ነው። እዚህ በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ርቀት ላንሣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የምዕራቡን ጠረፍ ተከትሎ ከሰሜን ዶኒጎል እስከ ደቡብ ኮርክ የሚወርደው መንገድ ዋይልድ አትላንቲክ ዌይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር ነው። ማዕበል የሚመስል ሰማያዊ ምልክት ስላለው መንገዱን ማግኘት አይቸግርም። የሚቸግረው መተው ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ስትደርሱ አገሩ እንደ እጅ ጣት ወደ አትላንቲክ ይዘረጋል፤ ዲንግል፣ አይቬራ፣ ቤራ፣ ሺፕስ ሄድና ሚዘን። አምስት ልሳነ ምድሮች ናቸው። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ጉዞ ከእነዚህ አንዱን ምረጡ። ቢበዛ ሁለት።

በጣም የታወቀው በአይቬራ ዙሪያ የሚዞረው የኬሪ ቀለበት ነው፤ 179 ኪሎ ሜትር። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ትልልቆቹ የቱሪስት አውቶቡሶች በየቀኑ ጠዋት ከኪላርኒ ከተማ ተነሥተው የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞሩበታል። በእነሱ አቅጣጫ አርፍዳችሁ ከገባችሁ ቀኑን ሙሉ የአውቶቡስ ጀርባ እያያችሁ ትነዳላችሁ። በተቃራኒው ከገባችሁ ደግሞ ጠባብ ኩርባ ላይ ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ። የኬሪን ቀለበት ካልዞርኩ የሚል ሰው ከአውቶቡሶቹ ቀድሞ በጠዋት ይውጣ። እኔ ዲንግልን የመረጥኩት አጭር ስለሆነ ነው። ስሊ ሄድ የሚባለው የባሕር ዳር ዙር ከዲንግል ከተማ ተነሥቶ እዚያው ይመለሳል፤ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሳትቆሙ ብትነዱት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እኛ ሁለት ቀን ፈጀንበት፤ አልሰለቸንም።

ስለ ወቅቱም ልንገራችሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በሰኔ አጋማሽ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። እራት ከበላችሁ በኋላም ወጥታችሁ ለማየት በቂ ብርሃን አለ። በታኅሣሥ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨልማል፤ በገጠሩ ብዙ ማረፊያ ቤቶችም የብርዱን ወራት ይዘጋሉ። ሐምሌና ነሐሴ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ስለሆነ መንገዱም ቤቱም ይጨናነቃል። በፈረንጆቹ ግንቦት፣ ሰኔ ወይም መስከረም ብትሄዱ ይሻላል። እኛ የሄድነው በመስከረም መጀመሪያ ነበር። በየመንገዱ ዳር ፉክሲያ የምትባለው ቀይ አበባ አልረገፈችም። አጥሩ በሙሉ እሷ ናት። ጠባቡ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ሲተላለፍ አበባዋ መስታወቱን ትዳብሳለች።

መነሻውን በሚመለከት፣ ደብሊን ካረፋችሁ እስከ ዲንግል አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ መንዳት አለ። ሻነን ወይም ኮርክ ማረፍ ከቻላችሁ ግማሽ ቀን ታተርፋላችሁ። ሦስት ቀን ብቻ ላለው ሰው ግማሽ ቀን ትልቅ ነገር ነው። በደብሊን በኩል ከሆነ ኤም 50 የሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ ክፍያ አለ። የሚያስቆማችሁ ኬላ የለም፤ ካሜራ ታርጋችሁን ያነሣና በማግስቱ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ካልከፈላችሁ ቅጣት ይጨመራል። መኪናውን ስትረከቡ ክፍያው በማን በኩል እንደሚፈጸም ጠይቁ። ከቪዛም ጋር አንድ የማይረሳ ነገር አለ፤ አየርላንድ የሼንገን አባል አይደለችም። የሼንገን ቪዛ ይዛችሁ አውሮፓን ብትዞሩም ለእሷ ለብቻዋ ማመልከት አለባችሁ። አንድ የማውቀው ሰው ሆቴልና መኪና ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ይህን ያወቀው።

አሁን ወደ መኪናው። እዚያ የሚከራየው መኪና አብዛኛው ማንዋል ነው። ኦቶማቲክ አለ፣ ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። በቀኝ መንዳት የለመደ ሰው በግራ ሲነዳ መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ እጁ ይሆናል። ለመጀመሪያ ቀን አእምሮ በመንገዱ ብቻ ቢያዝ ይሻላል፤ ስለዚህ ብትችሉ ኦቶማቲክ ያዙ። ሁለተኛው ምክሬ ትንሽ መኪና ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ሰፊ መኪና ይሻለናል ብለን ሰፊውን ወሰድን። በእነዚያ መንገዶች ላይ ስፋቱ ከአንድ መኪና ብዙም የማይበልጥ፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ የሆነ ቦታ ሞልቷል። የጎን መስታወቱን ከካቡ ጋር እያስተያየሁ ስነዳ ትከሻዬ ደርቆ ይውላል።

ኢንሹራንሱንም በደንብ አንብቡት። መሠረታዊው መድን አደጋ ቢደርስ ከናንተ ኪስ የሚወጣ ጣሪያ አለው፤ ጎማና መስታወትም ብዙ ጊዜ አይጨምርም። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልናገር። በመጀመሪያው ጉዞ አንድ የባሕር መመልከቻ ጋ መኪናውን አቆምኩና በሬን ከፈት አደረግሁት። ነፋሱ ከኋላ መጥቶ በሩን ከእጄ ነጠቀው። በሩ ወደ ፊት ተገለበጠ፣ ማጠፊያው ጮኸ፣ የፊተኛው ቆርቆሮ ጠርዙ ላይ ተጨመደደ። ከዚያ በኋላ በሩ ሲዘጋ በትከሻ መገፋት ነበረበት። አከራዩ ድርጅት ያስከፈለን ገንዘብ ከሦስቱ ሌሊት ማደሪያ ይበልጥ ነበር። ባለጉዳይ ክፍሉ ላይ የነበረው ሰው ይህ ጉዳት በየሳምንቱ እንደሚያጋጥማቸው ነገረን፤ ስንረከብ ግን ማንም አልነገረንም። ስለዚህ ባሕር ዳር ስታቆሙ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩ። በሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ክፈቱ። ሁለት በር በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። መኪናውን ስትረከቡም ዙሪያውን፣ ጎማዎቹንና የበሮቹን ጠርዝ ቪዲዮ ቅረጹ።

በግራ መንዳቱ ከተፈራው በላይ ቶሎ ይለመዳል። አስቸጋሪው ቀጥታው ላይ ሳይሆን ከቆማችሁ በኋላ ስትነሡ ነው። ነዳጅ ቀድታችሁ ስትወጡ፣ ከእርሻ መንገድ ስትገቡ፣ ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ኩርባ ስትዞሩ እጅ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እኔና ባለቤቴ አንድ ደንብ አወጣን። መኪናው በተነሣ ቁጥር እሱ ጮክ ብሎ «ግራ!» ይላል፤ እኔም «ግራ!» ብዬ እመልሳለሁ። እስከ መጨረሻው ቀን አላቆምነውም። አደባባይ ላይ ደግሞ ቅድሚያ በቀኛችሁ በኩል ለሚመጣው ነው፤ የሚዞረውም የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው።

በጠባቡ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲገናኝ ሰፋ ያለ ቦታ የቀረበው ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ስትነዱ ያለፋችሁትን ሰፋ ያለ ቦታ በልባችሁ ያዙ። አንድ ጊዜ ትራክተር ገጠመን፤ የሚነዱት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ኋላ መመለስ ጀመርኩ፤ እጄ ግን ተንቀጠቀጠ። ትራክተራቸውን አጠፉና ወርደው መጡ። «አትቸኩዪ ልጄ፣ ከብቶቹም አልቸኮሉም» አሉኝና ከኋላ ቆመው በእጃቸው እየመሩ አስገቡኝ። ሲያልፉ አንዲት ጣት ከመሪው ላይ አነሡ። የአገሩ ሰላምታ እንደዚያ ነው። ያሳለፋችሁን ሰው ሁሉ በአንዲት ጣት አመስግኑ። ከኋላችሁ የአገር ሰው ከደረሰባችሁም ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፤ እሱ ሥራ ላይ ነው። ፍጥነቱን በሚመለከት፣ ከየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትንንሾቹ የገጠር መንገዶች ላይ ገደቡ ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝቅ ብሏል። በነዚያ ኩርባዎች 60 ራሱ ይበዛል። እኔ ከ40 ብዙም አላለፍኩም።

ካርታውን ከስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱ። ተራራ ሥር ኔትወርክ ይጠፋል። ሌላም ነገር አለ፤ የዲንግል ምዕራባዊ ክፍል ሰዉ እስከ ዛሬ በአይሪሽ ቋንቋ የሚነጋገርበት አካባቢ ነው። የመንገድ ምልክቱም በአይሪሽ ብቻ ነው። ስልካችሁ ዲንግል ሲል ምልክቱ «አን ዳንጊን» ሊል ይችላል። የምትሄዱባቸውን አምስት ስድስት ቦታዎች ስም በአይሪሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። አስፋልቱ ላይ የተጻፈው «ጎ ማል» ደግሞ የቦታ ስም አይደለም፤ ቀስ በል ማለት ነው።

የስሊ ሄድን ዙር የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ንዱት፤ ከዲንግል ወጥታችሁ መጀመሪያ ወደ ቬንትሪ። ብዙው መኪና እንደዚያ ስለሚሄድ በገደሉ በኩል ያለው ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት መገናኘት ይቀንሳል። በግራ ስለምትነዱም ባሕሩ በናንተ በኩል ይሆናል፤ ለመቆም መንገድ ማቋረጥ የለም። ከቬንትሪ አሸዋ አልፋችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ከተራራው የሚወርድ ምንጭ መንገዱን ያቋርጣል። ድልድይ የለውም፤ ውኃው በአስፋልቱ ላይ ይፈሳል። መስኮቱን ዝቅ አድርጉና ቀስ ብላችሁ እለፉበት። ከጎማው ሥር የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እዚያው አካባቢ ባለው ዳገት ላይ የንብ ቀፎ የሚመስሉ ጥንታዊ የድንጋይ ጎጆዎች አሉ።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ ኩሚኑል የሚባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከገደል ሥር ይታያል። ቁልቁል የሚወስድ ጠመዝማዛ መንገድ አለው። ውረዱ፣ አሸዋው ላይ ተቀመጡ፣ ግን አትዋኙ። ሞገዱና ውስጥ ለውስጥ የሚጎትተው ውኃ አደገኛ ነው። ባሕር ላይ ችግር ካጋጠመ 112 ወይም 999 ደውላችሁ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በሉ። ከዚያ ፊት ለፊት የሚታዩት የብላስኬት ደሴቶች ናቸው። ትልቁ ላይ ሰው ይኖር ነበር። ወጣቱ እየሄደ፣ ማዕበሉ ሐኪምና ቄስ እያስቀረ፣ የቀሩት ጥቂቶች እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ዋናው ምድር ተዛወሩ። የቤቶቹ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። በፈረንጆቹ በጋ ጀልባ አለ፤ የሚወስነው ግን ማዕበሉ ነው። እኛ የያዝነው ቀን ተሰረዘ። በማግስቱ ሄድን፤ የሚቀጥል ቀን ስለነበረን።

ዕቅድ ውስጥ ባዶ ቀን ይኑር የምለው ለዚህ ነው። በምዕራብ አየርላንድ ካፊያ፣ ፀሐይ፣ ዶፍና ቀስተ ደመና በአንድ ሰዓት ውስጥ ይፈራረቃሉ። ጠዋት ዝናብ አይተው ቀኑ ተበላሸ ብለው መኝታ ቤት የሚቀሩ ሰዎች ይከስራሉ። ጠብቁት። እኛ ለዝናብ ሰዓት የያዝነው ጋለረስ የምትባለውን ትንሽ የጸሎት ቤት ነበር። ጭቃም ሲሚንቶም የላትም፤ በካብ ብቻ የተሠራች፣ የተገለበጠች ጀልባ የምትመስል። ውስጧ ገብተን ዶፉ ሲወርድ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። ባለቤቴ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ድንጋዮቹ ውኃው ወደ ውጭ እንዲወርድ ትንሽ ዘንበል ብለው ነው የተደረደሩት። የሚቲዎሮሎጂው ማስጠንቀቂያ ግን ከካፊያ ሌላ ነገር ነው፤ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ አለው። ብርቱካንማ ወይም ቀይ ሲወጣ ባሕር ዳር አትንዱ።

ከአየሩ ሌላ የባሕሩን ሰዓት እወቁ። ባሕሩ ይሞላል፣ ይሸሻል፤ ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ከትንሽ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም። ከዲንግል በስተ ምሥራቅ ኢንች የሚባል 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ አሸዋ አለ። ሰዎች መኪና ይዘው አሸዋው ላይ ይወርዳሉ። በደረስንበት ቀን አንድ ቤተሰብ ጎማው እስከ ግማሽ ተቀብሮባቸው ልጆቹ በእጃቸው አሸዋ ይዝቁ ነበር። ውኃው ገና ሩቅ ነው፤ ግን በየጊዜው ወደ ኋላ ዞር ባሉ ቁጥር ቀርቧል። ጎረቤት ያለ ሰው በገመድ ጎትቶ አወጣቸው። እናቲቱ እያለቀሰች ነበር። የኪራይ መኪና ኢንሹራንስ አሸዋ ላይ ለደረሰ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። መኪናችሁን ከላይ አስፋልቱ ላይ አቁሙና በእግር ውረዱ።

ማደሪያውን አንድ ቦታ አድርጉ። በየቀኑ ሻንጣ መጠቅለል፣ አዲስ ቤት መፈለግ፣ ከመግቢያ ሰዓት ጋር መሯሯጥ የቀኑን ምርጥ ሰዓት ይበላል። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሴትዮ በሁለተኛው ጠዋት ሰማዩን በመስኮት አይታ የዕለቱን ዕቅድ ቀየረችልን። «ዛሬ ተራራውን ተዉት፣ ባሕሩን እዩ» አለችን። ልክ ነበረች። አንድ ቤት ሁለት ሌሊት ካደራችሁ እንዲህ ያለ ሰው ታገኛላችሁ። ነዳጅም ከተማ ሳላችሁ ሙሉ፤ ከቬንትሪ ወዲያ እንደልብ አይገኝም። ስትቀዱ የናፍጣው መያዣ ጥቁር፣ የቤንዚኑ አረንጓዴ ነው፤ የመኪናችሁ ክዳን ላይ የተጻፈውን አይታችሁ ቅዱ።

ተራራው ኮነር ፓስ ነው። ከዲንግል ወደ ሰሜን የሚሻገር፣ ከ400 ሜትር በላይ የሚወጣ መንገድ። በሰሜን በኩል አለቱን ታክኮ የሚሄድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ቦታ አለው። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን ተሽከርካሪ አይፈቀድለትም፤ ካምፐር (ማደሪያ ያለው ትልቅ መኪና) ይዛችሁ ከሆነ እርሱት። በመጀመሪያው ቀን ሞክረነው ነበር። ላይ ስንደርስ ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ ሸፈነው፤ ዞረን ወረድን።

በመጨረሻው ጠዋት ሻንጣችንን ጭነን ገና 1 ሰዓት ሳይሞላ ወጣን። አውሮፕላናችን ከሻነን ማታ ስለነበር ቀን ሙሉ ነበረን። ጫፉ ላይ አንድም መኪና አልነበረም። በአንድ በኩል የዲንግል ወደብ፣ በሌላው በኩል ጥቋቁር ትንንሽ ሐይቆች፣ ከነሱ ወዲያ ነጭ አሸዋና ባሕር። ባለቤቴ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ግራ» አለኝ ስንነሣ፣ ቀስ ብሎ። ጠባቧን መንገድ ፊት ለፊታችን ማንም ሳይመጣ ወረድናት።